ታይፔ፦ አንድ እሽግ፣ ሁለት ሕግ

እሑድ ቀን የታይፔ ዋና ባቡር ጣቢያ አዳራሽ ስንገባ ጃካርታ የደረስን መሰለን። በጥቁርና ነጭ ንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው የተቀመጡት፣ ብዙዎቹ በሒጃብ ያሉት፣ በየቤቱ አረጋውያንን የሚጦሩ የኢንዶኔዥያ እህቶቻችን ናቸው። በአቅራቢያው ባሉት ሱቆች ደግሞ በሦስት ደቂቃ የሚበስለው ኢንዶሚ ይሸጣል። የአሳማ ሥጋና ሞራ በብዙ ምግብ በሚገባበት አገር፣ የሐላል ምልክት ያለበት እሽግ ለእነርሱ ትልቅ እፎይታ ነው።

ይሁን እንጂ የሐላል ምልክት ብቻውን ገበያ አያስገባም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 የታይዋን ባለሥልጣናት በኢንዶሚ ማጣፈጫ ውስጥ፣ በአገራቸው ለኑድል ያልተፈቀደ፣ ምግብ እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል ስላገኙ ዕቃው ከመደርደሪያ ተነሣ። ኬሚካሉ በኢንዶኔዥያ በመጠን የተፈቀደ ነበር። አምራቹም ዕቃው ለታይዋን ገበያ የተሠራ እንዳልሆነ አስታወቀ። በ2023 ደግሞ በዶሮ ጣዕሙ ኢንዶሚ ኤቲሊን ኦክሳይድ ተገኘ። የኢንዶኔዥያ ተቆጣጣሪ «ከወሰናችን በታች ነው» ቢልም፣ የታይዋን ሕግ ግን አልፈቀደውም።

በባዕድ አገር የምትነግዱ ወንድሞችና እህቶች ሆይ! ዲናችን ሐላልን ከጠይብ ጋር ነው የሚያዘን። ለሌላ ገበያ የተዘጋጀን ዕቃ ርካሽ ነው ብሎ ከማስገባት በፊት የአገሩን ሕግ መጠየቅ አማና ነው። የሚበላው ያ ምልክቱን አምኖ የሚገዛ ስደተኛ ነውና።