በጋንስባይ ቀዝቃዛ ውኃ

ታላቁ ነጭ ሻርክ በቀዝቃዛ ባሕር የሚበረታው፣ ከብዙዎቹ ዓሦች በተለየ፣ በዙሪያው ካለው ውኃ የሞቀ አካል ይዞ መዋኘት ስለሚችል ነው። ይህን ፍጥረት ለማየት ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ተጓዥ ከኬፕ ታውን እስከ ጋንስባይ ያለውን 160 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ልብ ሳይለው አልፎታል፤ ሐሳቡ ሁሉ በዳየር ደሴትና በጋይዘር ዐለት መካከል ባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ላይ ነበር። በዐለቱ ላይ አቆስጣዎች፣ ማለትም ከቆዳቸው ሥር ወፍራም ስብ ያላቸው አጥቢ የባሕር እንስሳት፣ በአሥር ሺዎች ተከማችተው ይጮኻሉ፤ ጠረናቸውም ከጀልባዋ መናወጥ ጋር ተደምሮ ሆድን ያገለብጣል።

ተጓዡ ወፍራም የጎማ ልብስ ለብሶ ከጀልባዋ ጎን ወደ ታሰረው የብረት ፍርግርግ ሲገባ ብርዱ ትንፋሹን አሳጠረው፤ ጥቂት ቆይቶም ጣቶቹ ብረቱን መጨበጥ ተሳናቸው። በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ የሻርኩ ሆድ ከዙሪያው በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሊሞቅ መቻሉ ከምንም በላይ ያስደነቀው ያን ጊዜ ነው። ሙቀቱ የሚመነጨው ሻርኩ ያለ ዕረፍት ሲዋኝ ከሚሠሩት ቀይ ጡንቻዎች ሲሆን፣ ከጡንቻው የሚመለሰው ሞቃት ደም፣ ዓሦች ከሚተነፍሱበት ከስንጥቡ በሚመጣው ቀዝቃዛ ደም አጠገብ፣ እንደ መረብ በተጠላለፉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ያስረክበዋል፤ ስለዚህም ሙቀቱ ወደ ባሕር ከመባከን ይድናል፣ ጡንቻውም በብርድ ሳይዝል አቆስጣውን ከሥር ተወርውሮ ለመያዝ ይበቃል። ይህ አኗኗር ብዙ ምግብ ስለሚጠይቅ ሻርኩ የአቆስጣውን ስብ አጥብቆ ይሻል፤ የተረፈውንም ለረጅም ጉዞ ስንቅ እንዲሆነው በግዙፉ ጉበቱ ውስጥ ያከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2003 መከታተያ መሣሪያ የተደረገባት አንዲት ሻርክ ከዚህ አካባቢ እስከ አውስትራሊያ ተሻግራ በዘጠኝ ወር ገደማ ውስጥ ተመልሳለች።

አስጎብኚው ስለ ጥርስ እንጂ ስለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አለመናገሩ ተጓዡን አስቆጥቶታል፤ በ1852 በዚያው ዳርቻ የሰጠመችውን በርክንሄድ የተባለች የብሪታንያ ወታደሮች መርከብ እንኳ ያነሣት፣ ሻርክ የበላቸውን ለማውሳት ብቻ ነበር። በዕለቱ የታዩትም ከነጩ ያነሱ፣ የነሐስ መልክ ያላቸው ሌሎች ሻርኮች ናቸው። ከ2017 ጀምሮ ከዶልፊን ወገን የሆኑት ኦርካዎች ነጭ ሻርኮችን እየገደሉ ያንኑ ስብ የሞላበት ጉበት ስለሚበሉ፣ የተረፉት ከጋንስባይ ሸሽተዋል። ይህ የተፈጥሮ ሥራ ነው ቢባል እንኳ፣ በ1991 ነጭ ሻርክን በሕግ በመጠበቅ ከዓለም ቀዳሚ የሆነችው አገር በምሥራቃዊ ጠረፏ ዋናተኞችን ለመከላከል በምትዘረጋቸው መረቦች እነዚሁ ሻርኮች ዛሬም ተይዘው መሞታቸው ሊታገሡት የሚገባ ነገር አይደለም።