ከባሌስትራ የወጣ ጥርስ

የዛሬዋ ጭሮ፣ የያኔዋ አሰበ ተፈሪ፣ ለብስክሌት የተመቸች ከተማ አልነበረችም። አንዱን ዳገት ሳይጨርሱ ሌላው ይቀበላል። እንዲያም ሆኖ በደርግ ዘመን ብስክሌት የሚያከራዩ ሰዎች ነበሩ። እኛ ከቦኬ ለትምህርት መጥተን በዘመድ ቤት የተጠጋን ልጆች እጃችን ላይ ስሙኒ ከገባች ሩጫችን ወደ እነሱ ነበር። ቁልቁለቱን እየጮኽን እንወርዳለን፣ ዳገቱን ብስክሌቱን እየገፋን እንመለሳለን። የተከራየነው ጊዜ በአብዛኛው የሚያልቀው በመግፋት ነበር።

እነዚያን ብስክሌቶች ቶሎ የሚጥላቸው የኋላ ጥርሳቸው ነው። አቧራና ዘይት ተደባልቀው ሰንሰለቱን ይበሉታል። የተበላ ሰንሰለት ይረዝማል፤ የረዘመ ሰንሰለት ጥርሱን በአንድ ወገን እየፋቀ እንደ ማጭድ ያጎብጠዋል። ከዚያ በኋላ ዳገት ላይ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጎ የረገጠ ሰው ሰንሰለቱ ይሾልክበትና ጉልበቱን ከመሪው ጋር ያጋጫል። አዲስ ጥርስ ገዝቶ መግጠም የሚባል ነገር ደግሞ አይታሰብም። መለዋወጫ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ለብስክሌት ጥርስ የሚተርፍበት ዘመን አልነበረም።

መፍትሔው ከተማው ውስጥ አንድ ጠባብ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር። በቀበቶ የሚዞር አሮጌ ቶርኖ፣ አንድ ትራፓኖ፣ አንድ ሞርሳ፣ የከሰል ምድጃና ግድግዳው ላይ በመጠን በመጠናቸው የተሰቀሉ ሞረዶች። ባለቤቱ ሥራውን ድሬዳዋ፣ ሸመንደፈር (ምድር ባቡር) ውስጥ የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና ሶማልኛውን እንደ ደንበኛው ይቀያይሩታል፤ መሣሪያዎቻቸውን ግን ሁልጊዜ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ ስማቸው ነበር የሚጠሩት።

ሸመንደፈር ሳይነሳ የዚያ አገር የብረት ሥራ አይነገርም። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋን የወለዳትም እሱ ነው። በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው፣ ስፋቱ አንድ ሜትር በሆነው ሐዲድ ላይ የሚሰበረው በዋናነት የሚጠገነው ድሬዳዋ በነበረው ትልቅ ወርክሾፕ ነበር። የጎደለ ዕቃ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ባቡር ቆሞ አይጠብቅም፤ ስለዚህ እዚያው ይቀልጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ በቶርኖ ይወጣል። እዚያ ያደገ ሠራተኛ ጡረታ ወጥቶ ወይም ሥራ ለቅቆ ወደ ሚኤሶ፣ ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ወደ ሂርና ሲመጣ ይህን ልማድ ይዞ ይመጣል። በ1969 እና በ1970 በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የባቡሩ ድልድዮች ሲፈርሱና መስመሩ ሲቋረጥ እንኳ የእነዚህ ሰዎች እጅ ሥራ አልፈታም።

አንድ ዕረፍት ላይ ቦኬ ስገባ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ያለቀ የብስክሌት ጥርስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ብስክሌቱ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ ፍሬን የሚይዘው ዓይነት ነው። የእሱ ጥርስ ለብቻው የሚወልቅ ጠፍጣፋ ብረት ሆኖ ከውስጥ በኩል ሦስት ትንንሽ እግሮች አሉት፤ በቀለበት ሽቦ ይያዛል። ወደ አሰበ ተፈሪ ስመለስ ለጋሼ ወሰድኩላቸው፤ አገላብጠው አዩትና አሥራ ስምንት ጥርስ ቆጠሩ። «ነገ ከትምህርት ስትወጣ ና፣ ታግዘኛለህ» አሉኝ።

ብረቱ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ነበር። ባሌስትራ በተፈጥሮው ጠንካራ ስለሆነ የቶርኖውን ቢላ ይሰብራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀልቶ፣ ጎባጣው ተቀጥቅጦ ተቃና፤ እንደገና ቀልቶ አመድ ውስጥ ተቀብሮ አደረ። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል። በማግሥቱ ቶርኖው ላይ ታስሮ ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ወረደ፤ መሐሉም ተበሳ።

የነገሩ ልብ ክፍፍሉ ላይ ነው። የብስክሌት ሰንሰለት ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ግማሽ ኢንች፣ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከየትኛውም አገር ቢመጣ አይለወጥም። ጋሼ ይህን ቁጥር ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፈውት ነበር። ለአሥራ ስምንት ጥርስ የፒኖቹ ክብ ዲያሜትሩ 73.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ያንን ክብ ብረቱ ላይ ጫሩት። ከዚያ ከቶርኖው ጊሮች መካከል ጥርሱ ለአሥራ ስምንት እኩል የሚካፈለውን መርጠው ከኋላ ገጠሙና፣ እያንዳንዱን 20 ዲግሪ እየቆጠሩ፣ እያቆሙ ምልክት አደረጉ። ትራፓኖው በእያንዳንዱ ምልክት ላይ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አወጣ፤ የሰንሰለቱ ሮለር 7.75 ስለሆነ ልኩ ነው። ብረቱ ወደ ቶርኖው ተመልሶ የውጭ ዲያሜትሩ 79 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪሆን ሲላግ ቀዳዳዎቹ ወደ ውጭ ተከፈቱ፣ በመካከላቸው የቀረውም ጥርስ ሆነ።

ግን የቀዳዳዎቹ አፍ ገና ጠባብ ነው፤ ሮለር አያስገባም። ሞረዱን የሰጡኝ እዚህ ላይ ነበር። የእያንዳንዱን ጥርስ ሁለት ጎን፣ ሠላሳ ስድስት ገጽ፣ በየጊዜው የሰንሰለት ቁራጭ እያስቀመጥኩ እየለካሁ ፋቅሁ። «ግራውን ሦስቴ ከሞረድህ ቀኙንም ሦስቴ» ይሉኛል። የውስጦቹን ሦስት እግሮች ግን ለእኔ አልተዉልኝም፤ አሮጌውን ጥርስ ከላዩ ደርበው ራሳቸው ሞረዱት።

በመጨረሻ እንደገና እሳት ገባ። ሙሉ በሙሉ ሲቀላ ዘይት ውስጥ ተነከረ። እንዲህ የጠነከረ ብረት ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ገጹ በብርጭቆ ወረቀት ጸድቶ በቀስታ ሲሞቅ ቀለሙ መጀመሪያ ወደ ቢጫ፣ ቀጥሎ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ። ሰማያዊው እንደታየ ጋሼ በጉጠት አወጡት። ድሬሰሩ ዋጋውን በቦኬ ቡና ከፈለ፤ ብስክሌቱም እኔ ትምህርት እስክጨርስ ድረስ በዚያው ጥርስ ሲሄድ አይቻለሁ።

አሰበ ተፈሪን ያቋቋሙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ አካባቢውን፣ ጨርጨርን፣ የሥራና የሥልጣኔ ምሳሌ ለማድረግ ደክመዋል። ያ ቆርቆሮ ቤት ከምኞታቸው አንዱን ይዞ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ ጭሮ ውስጥ ዳገቱን የሚወጣው ባጃጅ ነው። የብስክሌት ጥርስም ከውጭ ተሠርቶ በካርቶን ይመጣል፤ ያ ጥሩ ነው፣ የሚያስቆጨኝ እሱ አይደለም። የሚያስቆጨኝ አሮጌው ባቡር ሲቆም ሙያውን የሚያወርሰው ትምህርት ቤትም አብሮ መዘጋቱ ነው። በመስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሚኤሶ ያልፋል፤ በዙሪያው ግን ያንን የመሰለ የቶርኖ ትውልድ ገና አላየሁም።

ስለዚህ ድሬዳዋ፣ ሚኤሶ ወይም ጭሮ ያላችሁ፣ ከሸመንደፈር የወጣ አባት ወይም አያት ያላችሁ ሁሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ አጠገባቸው ተቀመጡና የሚያውቁትን ጻፉ፤ እጃቸው ሲሠራም በስልካችሁ ቅረጹ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም እነዚህን ሰዎች ለአንድ ሴሚስተር እንኳ ጋብዘው ቶርኖ ፊት ያቁሟቸው።