ብረት ከመቆረጡ በፊት



ስለ መኪና ሲወራ ሰው የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ዳገት ይወጣል ወይ? ነዳጅ ይበላል ወይ? ሁሉን ተሸክሞ ከሥር የተኛውን ሻንሲ ግን የሚያነሣው የለም። ሞተር ቢጠፋ መኪናው ይቆማል፤ ሻንሲ ቢሰበር ግን መሪውም ፍሬኑም ተሳፋሪውን አያድኑትም። በዚህ ጽሑፍ ብልባላ ውስጥ ከአንድ ወጣት በያጅ ጋር ስለ ሠራነው ሻንሲ፣ ከብረቱም በፊት ስለ ሠራነው ንድፍ ጥቂት ለማለት ወደድን።

ብልባላ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የላስታ ከተማ ናት። በአንድ አዛውንት ጎረቤታችን ግቢ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የቆመ አሮጌ ላንድሮቨር አለ። ዶሮዎች ከሥሩ ያድራሉ፤ ቆርቆሮው ግን አልዛገም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ እንግሊዝ ከጦርነቱ በኋላ የብረት እጥረት ስለነበረባት አካሉ የተሠራው ከአሉሚኒየም ነበር። ሻንሲው ግን ብረት ነው። ውድ የሆነ ማተሚያ ማሽን ሳያስፈልግ፣ ላሜራ በቁመቱ እየተቆረጠ፣ አራቱ ጎን እየተበየደ፣ እንደ ሣጥን ተደርጎ ተሠራ። ጭቃና ውኃ ወደ ሣጥኑ ከገባ መውጫ የለውምና ዝገቱ ከውስጥ ይበላዋል። የጎረቤታችንም መኪና የደረሰበት ይኸው ነው፤ ከላይ ሲያዩት ደህና፣ ከሥር በመዶሻ ሲነኩት የሚፈረፈር።

በብየዳ የተሠራ ነገር ደግሞ በብየዳ ዳግመኛ ሊሠራ ይችላል። ይህ የእኛ ብቻ ሐሳብ አይደለም። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ወጣቶች አሮጌ ፎርድ በርካሽ እየገዙ፣ መከላከያውንና ትርፍ ክብደቱን ሁሉ እየነቀሉ፣ ሞተሩን እያጠነከሩ በደረቁ ሐይቆች ሜዳ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። እነዚህን መኪኖች «ሆት ሮድ» ይሏቸዋል። ከሁሉም የሚወደደው የ1932ቱ ፎርድ ነው። የዚያ ዘመን ሻንሲ ዛሬ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታልና ደህናው እየጠፋ ሄደ። ስለዚህ የዛሬዎቹ ሠሪዎች ንድፉን ዘርግተው፣ ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል ያለውን 2,692 ሚሊ ሜትር ጠብቀው፣ ሻንሲውን ከአዲስ ብረት ይሠሩታል። ለእነርሱ በአብዛኛው መዝናኛ ነው፤ ለእኛ ደግሞ የቆመ ንብረት ማስነሣት። ሙያው ግን አንድ ነው።

በእኛው ወሎም ቢሆን የሸክም ጉዳይ አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያስቀለጡትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ለማድረስ ከእ.ኤ.አ. 1867 መጨረሻ እስከ 1868 መጀመሪያ ወራት ፈጅቷል። ታሪኩ ሲወራ መድፉ ይነሣል፤ መድፉን የተሸከመውን ጋሪና በየተራራው የተጠረገውን መንገድ የሚያነሣው ጥቂት ነው። ተሸካሚ ሁልጊዜ እንደ ተረሳ ነው።

ወደ ሥራችን እንመለስ። በመጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ «ልኩን ከየት እናምጣ?» የሚል ነበር። በያጁ «አሮጌውን እንለካና እሱን እንምሰል» አለ። ሆኖም አሮጌው ሻንሲ ከብዙ ዓመት ሸክም ጎብጧል፤ እሱን መቅዳት ጉብጠቱንም መቅዳት ነው። የመኪናው የጥገና መጽሐፍ የሻንሲውን ልኮች በሥዕል ይዟል። ከአዲስ አበባ ፎቶ ኮፒው መጣልንና በእርሱ ተነሥተን ንድፉን በአንድ አሥረኛ መጠን አወጣን። የሁለቱ አክስሎች ርቀት 2,235 ሚሊ ሜትር ነው፤ በወረቀት ላይ 223.5 ይሆናል።

እዚህ ላይ ለወጣቶች አንድ ነገር እናስታውስ። ልክን ከወረቀቱ ላይ በማስመሪያ አንሥቶ ወደ ብረት ማዛወር አይገባም። የእርሳስ መስመር ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢወፍር በብረቱ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናልና። የሚታመነው የተጻፈው ቁጥር ነው። በያጁ ይህን ሲሰማ ሣቀና «ታዲያ ሥዕሉ ለምን ይጠቅማል?» አለ። ሥዕሉ የቱ ከየቱ እንደሚጋጠም ይነግራል፤ ቁጥሩ ደግሞ በምን ያህል እንደሆነ። ሁለቱ አይለያዩም።

እኛ በልጅነታችን ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ ስንማር ነው ያደግነው። በመድረሳ የእንጨት ሉህ ላይ እንጽፋለን፤ ኡስታዙ ፊት እንቀራለን፤ ስህተት ካለ ሉሁ ታጥቦ እንደገና ይጻፋል። ንድፍም እንደ ሉህ ነው። በላጲስ ይጠፋል፣ ይታረማል። የተቆረጠ ብረት ግን አይታጠብም፤ ያጠረም አይረዝምም። መብራት በጠፋባቸው ቀናት ሁሉ ወረቀቱ ላይ የዋልነው ለዚህ ነው።

ብረቱ 100 በ50፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ ነው። በጠባብ ጎኑ ይቆማል እንጂ በሰፊው አይተኛም። ይህን ለመረዳት የልጆችን ማስመሪያ ማንሣት ይበቃል፤ በሰፊው ጎኑ ሲጫኑት ይጎብጣል፣ በጠርዙ ሲያቆሙት እምቢ ይላል። አክስሉ ከታች እንዲንቀሳቀስ ሻንሲው ከፊትና ከኋላ ከፍ ስለሚል፣ የመታጠፊያዎቹን ማዕዘን በካርቶን ቀደን በብረቱ ላይ እያስቀመጥን አሠመርን።

ከዚያ ሁለቱን ረጃጅም ብረቶች በደረጃ ድንጋይ ላይ በውኃ ልክ አስተካክለን፣ መሻገሪያዎቹን በነጥብ ብየዳ ብቻ አያያዝናቸው። ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉ የሚጣፍጠው ነው፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መለካት። 2,235 በ760 ለሆነ አራት ማዕዘን ሰያፉ 2,361 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ ሁለቱም ሰያፎች እኩል። አንዱ ጎን 10 ሚሊ ሜትር ወደፊት ቢንሸራተት የሁለቱ ሰያፎች ልዩነት 19 ያህል ይሆናል። ጥበቡ ይኸው ነው፤ ሰያፍ ጥፋትን አጋኖ ያሳያል። የእኛው ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ወጣ። ለዓመታት ፓይታጎረስን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስናስተምር ተማሪዎች «ለምን ይጠቅማል?» ይሉን ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ በዚያ ቀን የሜትሩን ጫፍ ይዞ ቆሞ ነበርና ከዚያ ወዲህ አልጠየቀንም።

ብየዳው ራሱም ትዕግሥት ይፈልጋል። አንድ ሜትር ብረት በ100 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰበሰባል፣ የተበየደበትንም ወገን ይጎትታል። በያጁ ጥቂት ከግራ፣ ጥቂት ከቀኝ፣ አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላውን እያለ ሦስት ቀን ፈጀ።

በአራተኛው ቀን የመኪናው ባለቤት መጡና ዞር ዞር ብለው አዩት። «ልጆቼ፣ አላህ ይባርካችሁ። በሚቀጥለው ወር ለላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ሰው ይጭንልኛል» አሉ። እኛ መልስ ስንፈልግ በያጁ ቀደመን። «አባባ፣ ቆሟል እንጂ አልተፈተነም። መጀመሪያ ድንጋይ ይጫንበት፤ ሰው ከድንጋይ በኋላ ነው» አላቸው። እርሳቸው ቅር አላቸው። ገንዘብ አውጥተዋል፤ አይፈረድባቸውም። ሆኖም የሻንሲው ቁጥር ያለው በአሮጌው ብረት ላይ ነው። ለውጡ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሳይነገር፣ መኪናውም ተመርምሮ ቦሎ ሳይለጠፍበት፣ እናቶችንና ሕፃናትን በላስታ ቁልቁለት ላይ መጫን አደራን መብላት ነው። ይህንን በትሕትና ነገርናቸው። ሁለት ቀን አላነጋገሩንም፤ በሦስተኛው «ድንጋዩን ማን ይጭናል?» ብለው ልጆቻቸውን ላኩልን።

በያጁ ለዓረብ አገር ጉዞ ለደላላ የሚከፍለውን ገንዘብ ሲያጠራቅም የቆየ ልጅ ነው። «ሻንሲው ሳያልቅ አልሄድም» ብሎን ነበር፤ አሁን ደግሞ «ምርመራውን ሳላይ አልሄድም» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላህ ያውቃል። እኛ ቅር በማለትና በመምከር ብቻ ልናስቀረው አንችልም፤ እጁ የሚበላበት ሥራ ከተገኘ ግን ራሱ ይመርጣል።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ማስመሪያና እርሳስ ይዘው ሲያሠምሩ «ጊዜ ታባክናለህ» አትበሏቸው። እናንተም ወጣቶች፣ ብየዳ የሚችል እጅ በየከተማው አለ፤ ንድፍ ማንበብ የሚችል በያጅ ግን ተፈላጊ ነው። ሁለቱን ያጣመረ፣ ሠርቶም «ገና አልተፈተነም» ለማለት የሚደፍር ሰው ሥራውን ሕዝብ ያምነዋል። ወሰላሙ ዓለይኩም።