የእንቁጣጣሽ ሥዕል

መስከረም 1 ቀን ጠዋት በጎንደር ከተማ በር ሲንኳኳ፣ ብዙውን ጊዜ ደጅ ላይ የቆመው ልጅ ነው። በእጁ ወረቀት ይዟል። ወረቀቱ ላይ ፀሐይ፣ ቢጫ አበባ፣ አንዳንዴም ባለ ክንፍ መልአክ ተሥሏል። ልጁ «እንኳን አደረሳችሁ!» ብሎ ሥዕሉን ይሰጣል። የቤቱ እመቤት ተቀብለው ይመርቁታል፤ ሳንቲም ወይም ብር ይሰጡታል። ይህ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ነው።

ውድ አንባቢያን! ሥዕሉ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ዜና ይዞ ነው የሚመጣው። ክረምት ሰማዩ የሚጠቁርበት፣ ወንዝ የሚሞላበት፣ እንጨቱ ረጥቦ አልነድ የሚልበት ጊዜ ነው። ጳጉሜን በ5 ቀኗ፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ በ6 ቀኗ ስታልቅ አዲስ ዓመት ይገባል። አደይ አበባም ሜዳውን ቢጫ ያለብሰዋል። ልጁ ፀሐይና አበባ ሲሥል «ክረምቱ አለፈ» ማለቱ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ይህን ደብዳቤ ያነበዋል።

መላእክቱን ከየት አመጧቸው? ጎንደር የሥዕል አገር ናት። ከ1682 እስከ 1706 በፈረንጅ አቆጣጠር የነገሡት ቀዳማዊ አፄ ኢያሱ የተከሉት ደብረ ብርሃን ሥላሴ እዚያው ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ከውስጥ በኩል በመላእክት ፊት ተሞልቷል። ዓይናቸው ትልልቅ ነው፤ ቁልቁል ያዩናል። የልጆቹም መላእክት ዓይናቸው እንዲሁ ትልልቅ ነው። እዚያ አንጋጠው የተማሩ ይመስለናል።

ከጎንደር ወደ ሰሜን ተነሣን። በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፈን ደባርቅ ገባን። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ባቄላ ይበቅልበታል። በገጠሩ የወረቀት ሥዕል አላየንም። አንዲት አሮጊት አገኘንና «እማማ፣ እዚህ ልጆች የእንቁጣጣሽ ሥዕል አይሰጡም?» ብለን ጠየቅን።

«ወረቀቱ ለከተማ ነው ልጆቼ» አሉን። «የኛ ሥዕል ከሜዳ ይነቀላል።»

እውነታቸውን ነው። በጎጃምና በጎንደር ገጠር ልጃገረዶች ዘመን ሲለወጥ እንግጫ የሚባለውን ሣር እየዘፈኑ ይነቅላሉ። ይጎነጉኑትና በራሳቸው ላይ ያስሩታል፤ በቤቱ ምሰሶም ላይ ያስሩታል። የከተማው ልጅ በወረቀት የሚለውን የገጠሯ ልጅ በሣር ትለዋለች።

እንዲህ ያለ ነገር በሌላም አገር አለ። በሩሲያ ክረምቱ የበረዶ ነው። ብርዱ ሊያልፍ ሲል ማስሌኒትሳ የሚባል በዓል ያከብራሉ። እንደ ፀሐይ ክብ የሆነ ስስ ቂጣ ይጋግራሉ፤ ከገለባ የተሠራች አሻንጉሊት ያቃጥላሉ። ብርዱ ተቃጠለ ማለት ነው። እኛስ ችቦ እናበራ የለም?

ሩሲያኖች ታዲያ በዓሉን በሥዕልም አሳተሙት። ከ1600ዎቹ ጀምሮ ሉቦክ የሚባል ሥዕል በገበያ ይሸጥ ነበር፤ ደሀውም ገዝቶ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሥዕሉ በእንጨት ላይ ይቀረጻል። እንጨቱ ቀለም ይቀባል። ወረቀት ይደረግበትና ይጫናል። አንድ እንጨት ብዙ ሥዕል ያወጣል። በእኛም አገር በ1950 ዓ.ም. አርቲስት አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የኅትመት ጥበብ ይሰጣል።

አሁን በከተሞቻችን የታተመ የእንቁጣጣሽ ሥዕል በዝቷል። ልጆች ከሱቅ ይገዙና በየቤቱ ያዞሩታል። ወረቀቱ ያምራል፤ ቀለሙም ደማቅ ነው። ግን ልጁ አበባውን አላየውም። ፀሐዩን አልሣለውም። ያመጣው የሌላ ሰው ዜና ነው። እንዲህ ከቀጠለ ልጁ ነጋዴ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሥዕል የሚሥል እጅም ይጠፋል።

ማተም ራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ እጃችን ከሥራው መውጣቱ ነው። ስለዚህ ትልልቆች ሳንቲሙን ከመስጠታችን በፊት ሥዕሉን እንይ። «ማን ሣለው?» ብለን እንጠይቅ። «እኔ» ላለው ልጅ ምርቃቱን እናብዛለት።

ልጆችም ማተም ከወደዱ በቤት ውስጥ ያትሙ። አንድ ድንች ለሁለት ይቆረጥ። በተቆረጠው ፊት ላይ አበባ ብቻ ጎላ ብሎ እንዲቀር ዙሪያው በቢላዋ ይነሣ፤ ቢላዋውን ግን ትልቅ ሰው ይያዝላቸው። ድንቹ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ ይጫን። አንዱ ድንች ለመንደሩ ሁሉ ይበቃል። ፊደል የሚቀርጽ ካለ ግን ይጠንቀቅ፦ በኅትመት ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ፊደሉ ተገልብጦ ካልተቀረጸ ወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ አይነበብም። ይህ ከከበደ አበባው በድንች ይታተም፤ ከሥሩ የልጁ ስም በእርሳስ ይጻፍ።