ቋንጃ ሲያጥር

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቋንጃ ነው። ርዕሱ ለዚህ ገጽ እንግዳ ቢመስልም፣ በፈርድ ሶላት ብቻ በቀን 17 ጊዜ ሩኩዕ የሚያደርግን ሰው ሁሉ ይመለከታል።

እኔ ነቀምቴ ውስጥ የተማርኩት ጧት መድረሳ ሰሌን ላይ ተጣጥፌ፣ ከሰዓት በኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። በሁለቱም ጉልበት ታጥፎ ይውላል። ዛሬም ደብተር የማርመው ተቀምጬ ነው፤ አዲስ አበባ ስሄድም 330 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቴን አጥፌ እጓዛለሁ። ከጭን ጀርባ ያሉት ጡንቻዎች ከመቀመጫ አጥንት ተነስተው፣ ጉልበትን አልፈው ከሥሩ ይያያዛሉ። ጉልበት ታጥፎ ከዋለ አይሳሳቡም። ሩኩዕ ላይ ግን ጉልበት ቀጥ ብሎ ወገብ ይጎነበሳል፤ ያን ጊዜ ቋንጃ ይይዛል፣ ጀርባም ይጎብጣል። ሱጁድ የማያስቸግረው ሰው ሩኩዕ የሚከብደው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ሶላት ራሱ በቂ ስፖርት ነው» ይላሉ። አልስማማም። ሶላት ዒባዳ ነው፤ የሩኩዕ ጥቂት ሰከንድም ያጠረ ጡንቻ አያስረዝምም።

ጊምቢ ያሉት አባቴ ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል። ወንበር ላይ መስገድ ጀምረው ነበርና አፍረው ከጀመዓ ቀሩ። ለዚህስ መልሱ ቀላል ነበር፤ ዒምራን ኢብን ሑሰይን ኪንታሮት ይዟቸው ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መቆም ካልቻሉ ተቀምጠው እንዲሰግዱ እንደነገሯቸው ቡኻሪ ዘግበውታል። አባቴን የከበዳቸው ሌላው ነገር ውዱእ ነው። እጃቸው እግራቸው ጋ አልደርስ ብሎ፣ እግራቸውን የምታጥብላቸው ታናሽ እህቴ ነበረች።

ያስጀመርኳቸው እንቅስቃሴ ሜዳም ሆነ ልዩ ልብስ አይጠይቅም። እናቶችና ሴት ልጆች ሰፊ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ቤት ውስጥ ሊሠሩት ይችላሉ። ጊዜው ሰውነት ሲሞቅ ነው፤ ለምሳሌ ከዒሻ በኋላ ከመስጊድ በእግር ተመልሶ።

ቡልኮ አጣጥፋችሁ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ከፍ ማለቱ ዳሌ ወደፊት እንዲያዘነብል ይረዳል፤ ለጀማሪ ዋናው ምስጢር ይህ ነው። እግሮቻችሁን ዘርግታችሁ፣ ሳትታገሉ የሚከፈቱትን ያህል ክፈቱ። ጣቶች ወደ ላይ ይዩ፤ ጉልበት ትንሽ ቢታጠፍ ችግር የለም። መጀመሪያ እጃችሁን ከኋላ ተደግፋችሁ ጀርባችሁን አቅኑ። ብዙ ጀማሪ እዚሁ ላይ ሲስበው ይሰማዋል፤ ከተሰማው ይበቃዋል። ሌላው እጁን ወደፊት አምጥቶ ከዳሌው ይዘንበል፤ እንብርት ይቅደም፣ ራስ ይከተል። ሳትነጥሩ፣ እየተነፈሳችሁ 30 ሰከንድ ያህል ቆዩ፤ አርፋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። የጭን ውስጠኛው ጡንቻ የሚሳበው እግር ሰፋ ሲል ነው፤ ለቋንጃ ግን እግርን አቀራርቦ ወደ አንደኛው መዘንበል ይሻላል።

ስሜቱ ጭን መካከል መሆን አለበት። እንደ ኤሌክትሪክ ወደ ታች የሚነዝር ከሆነ ጡንቻ ሳይሆን ነርቭ ነውና አቁሙ። የወገብ ዲስክ ሕመም ያለበት ወይም ዳሌው የተሰበረ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።

አባቴ በሳምንት አልተለወጡም። ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። ወንበራቸውን አልተዉም፤ ጀመዓ ግን ተመልሰዋል፣ እግራቸውንም አሁን ራሳቸው ያጥባሉ፤ አልሐምዱ ሊላህ።