መልአኩ እንጎቻ ይዞ መጣ

ስኳር ከተውኩ፣ እንጀራዬን በግማሽ ከቀነስኩና በየጠዋቱ 30 ደቂቃ መራመድ ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። የቀነስኩት ሁለት ኪሎ ብቻ ነው፤ እሱም መለስ ቀለስ ይላል።

ወገኖቼ፣ ከኪሎው ይልቅ የሚከብደው የሰው አፍ ነው። “እንዴት ተመችቶሻል!” የሚለውን ለምጄዋለሁ። “ራስን መግዛት እኮ የመንፈስ ፍሬ ነው” የሚለው ግን ሌሊት ያስለቅሳል። አዎን፣ ገላትያ 5 ላይ ተጽፏል፤ በሚዛን ይለካል የሚል ግን አላነበብኩም። ምግብ ሲቀንስ ሰውነት ራሱ ቁጠባ ይጀምራል፤ ጉልበት ቆጥቦ ያወጣል፣ ረሃቡን ያብሳል። የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲዳከምም ክብደት ሊጨምር ይችላል። ይህን ለማወቅ ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማነስ አይደለም።

“ጾም ጨምሪበት” ያሉኝም አሉ። ጾም የጌታን ፊት መፈለጊያ ነው፤ ቦርጭ ማጥፊያ ላደርገው አልወድም።

የሚያጽናናኝ ኤልያስ ነው። 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ሞቱን ለምኖ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተኛ። እኛ ብንሆን ስለ እምነቱ ማነስ እንሰብክለት ነበር! መልአኩ ግን ዳሰሰውና እንዲበላ ነገረው፤ በራሱ አጠገብ እንጎቻና ውኃ ነበረ። ያውም ሁለት ጊዜ፤ የሚሄድበት መንገድ ሩቅ ነበርና።

እኔም “ጌታ ሆይ፣ ከሠራኸው ከዚህ ሥጋ ጋር አስታርቀኝ” እላለሁ። የጸሎት ቤታችንን ደረጃ ስወጣ እንደ ድሮው ትንፋሽ አያጥረኝም፤ ተመስገን። የደም ምርመራዬ ውጤት ሐሙስ ይደርሳል። በጸሎታችሁ አስቡኝ።