ሊላ በሚያብብበት ሰሞን

በሚያዝያ ፓሪስ የሚሄዱ ከሆነ ጃንጥላ አይርሱ። ዝናቡ እንደ እኛ ክረምት አይደለም፤ ለአሥር ደቂቃ ያካፋል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ደግሞ ያካፋል። በዚህ መሃል በአንድ ግቢ አጥር ሥር ሲያልፉ ድንገት የሚያስቆም ሽታ ያገኝዎታል። ቀና ሲሉ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ አበባ፣ ጥቃቅኑ ተጠጋግቶ ዘለላ የሠራ፣ የዝናቡን ጠብታ እንደያዘ ያዩታል። ፈረንሳዮች ሊላ ይሉታል።

አበባው ትውልዱ እዚያ አይደለም። ከባልካን ተራሮች ተነሥቶ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢስታንቡል በኩል ወደ ምዕራብ አውሮፓ የዘለቀ ቁጥቋጦ ነው። ፓሪሶች ግን የራሳቸው አድርገውታል። ከከተማዋ ዳር ሌ ሊላ የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች፤ ስሟን ያገኘችው በአካባቢው በብዛት ይበቅል ከነበረው ከዚሁ አበባ ነው፤ በ11 ቁጥር ሜትሮ ይደርሱባታል። ሞንፓርናስ ላይ ሄሚንግዌይ ያዘወትረው የነበረው ካፌም ስሙ ላ ክሎዝሪ ዴ ሊላ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራዎ ስለ አንድ ሽቶ ልነግርዎ ፈልጌ ነው።

ሽቶ ቀማሚዎች ሊላን “ዲዳ አበባ” ይሉታል። ጽጌረዳና ጃስሚን ዘይታቸውን ይሰጣሉ፤ ሊላ ግን አጥሩን አልፎ መንገደኛ እየጠራ፣ ለሽቶ የሚሆን ዘይት አውጣ ሲሉት እምቢ ይላል። ስለዚህ ጠርሙስ ውስጥ ሊላ ከሸተተዎ፣ ያ ሽታ ቀማሚው ከሌሎች ነገሮች አገጣጥሞ የሠራው ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን የሚሰጣጡት ነጭ ቃጭል መሳይ አበባ፣ ሙጌም፣ እንዲሁ ዲዳ ነው።

ኦሊቪያ ጃኮቤቲ የተባለች ፈረንሳዊት ቀማሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ይህን ዲዳ አበባ አናግራዋለች። ሽቶው “ኧን ፓሳን” ይባላል፤ “በመንገድ ሲያልፉ” እንደማለት ነው። ያወጣው ፍሬዴሪክ ማል ነው፤ ቤቱ እንደ መጽሐፍ አሳታሚ ሆኖ የቀማሚውን ስም እንደ ደራሲ ስም ጠርሙሱ ላይ ያሳትማል። ግሬኔል ጎዳና ቁጥር 37 ያለው ሱቁ ውስጥ ቀጥ ብለው የቆሙ የመስተዋት አምዶች አሉ። ሽቶው ውስጡ ይረጫል፣ እርስዎ ራስዎን አስገብተው ያሸታሉ። ልጆች ይዘው ከሄዱ ከኤፍል ማማ ይልቅ ይህን ሲያወሩ ይከርማሉ።

መጀመሪያ የሚመጣው አበባው አይደለም። አሁን የተቆረጠ ኪያር ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ውሃ ውሃ የሚል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ “ሰላጣ!” ብላ ሻጩን አሳቀችው። ቀጥሎ እርጥብ ቅጠል፣ ከዚያ ሊላው ቀስ ብሎ፣ ሳይጮኽ ይገባል። ካበቃ በኋላ ግን እኔን የገረመኝ መጣ፦ ስንዴ። ዱቄት በእጅ ሲታሽ፣ ወይም ሊጥ ተሸፍኖ ሲያድር ያለው ያ ለስላሳ ሽታ። ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ የአንድ ሰው ግቢ አጥር ሥር አልፈው፣ ጥጉ ላይ ካለው ዳቦ ቤት ፊት ሲደርሱ እንደማለት ነው። ዋጋው ላይ ግን ጨዋታ የለም፤ አስቀድመው ይወቁት።

እኔን ያስጨነቀኝም እሱ ነው። የምገዛው ለእናቴ ነበር። እናቴ ሽቶ ራሷን ያማታል፤ ከአየር መንገድ ሱቅ ያመጣሁላት ሁለት ጠርሙስ ቁም ሳጥን ውስጥ ሳይከፈት ዓመታት አልፎታል። ደግሞም እኛ ለዘመናት ለውጭ ሽቶ ቤቶች ዝባድ ስንልክ የኖርን ሰዎች ነን፤ ሽቶ ሲባል ከበድ ያለና የሚቆይ ነገር እንጠብቃለን። ይኸኛው ቆዳዬ ላይ አራት ሰዓት እንኳ አልቆየም። ለሚጠፋ ነገር ይህን ያህል ይከፈላል?

በወረቀት አሽትተው አይወስኑ። እጅዎ አንጓ ላይ አስረጭተው ይውጡ። እኔ ወደ ሴን ወንዝ ወርጄ፣ ድልድይ ተሻግሬ፣ ልጄ አይስክሬሟን እስክትጨርስ ጠብቄ ተመለስኩ። ራሴን አላመመኝም። ትንሹን ጠርሙስ ገዛሁ።

አዲስ አበባ ስደርስ እናቴ ክዳኑን ከፍታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። “ይኼማ እሸት ነው” አለች በመጨረሻ፣ ሽቶ መሆኑን ያልነገርኳት ይመስል። ሊላ አይታ አታውቅም፤ ስለ አበባው አንድም ቃል አልተናገረችም። እሑድ ጠዋት ግን የነጠላዋን ጥለት ነካ አድርጋበት ወጣች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠጋ ብዬ አሸተትኳት፤ የዕጣን ሽታ ብቻ ነበር። ጠርሙሱ አሁን ከቁም ሳጥኑ ውጪ፣ መነጽሯ አጠገብ ነው የሚቀመጠው።